ስብሬ ከእጇ ጋር ስታወራ

«እንዳትሰብሪው፣ እንዳትሰብሪው፣ እንዳትሰብሪው…»

እንዲህ የምትለው ሌላ ሰው አይደለም፣ ልጅቷ ራሷ ናት። የምትለውም ለራሷ ነው፣ በሆዷ። በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ አንድ ሾጣጣ የመስታወት ብልቃጥ ይዛለች። ከመታጠቢያው እስከ ጠረጴዛዋ ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። አንደኛው እርምጃ በሰላም አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ሦስተኛው ላይ «ዋ! ይኸው ልትሰብሪው ነው!» አለች በሆዷ። ጣቶቿ ደነገጡ፤ ብልቃጡ ሙልጭ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን የቤተ ሙከራው ወለል ይናገር።

ሠላሳ ስምንት ተማሪ ባንድ ጊዜ ዞረ። ከዚያ ጭብጨባው ቀለጠ።

«ስብርብር! ስብርብር! ስብርብር!»

አዎ፣ መጠሪያዋ ይኼ ሆኗል። እናትና አባቷ ያወጡላት ቆንጆ ስም አላት፤ ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሱ የሚጠራት የለም። የሚያሾፉባት «ስብርብር» ይሏታል። የሚወዷት ደግሞ አቆላምጠው «ስብሬ» ይሏታል። እሷ እንደሆነ ልዩነቱ ብዙም አይታያትም።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ መጥረጊያ ይዘው መጡ። ተማሪው ከጀርባቸው «እትዬ ብርጭቆ» ነው የሚላቸው። ለእያንዳንዷ ብልቃጥ እንደ ልጃቸው ስለሚሳሱ ነው። አልጮሁም፤ እሳቸው ጮኸው አያውቁም፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ስብርባሪውን ራሳቸው ጠርገው ሲጨርሱ ከበሩ ጀርባ ወደተለጠፈው ወረቀት ሄዱና ከስሟ ጎን ሁለተኛ ጭረት ጫሩ።

«ሁለት» አሉ። «ሦስተኛው ምን እንደሚያመጣ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ እትዬ።»

ማን የማያውቅ አለ! ሦስት ዕቃ የሰበረ ተማሪ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቤተ ሙከራ አይገባም። ሌሎቹ ሲያፈሉ፣ ሲቀላቅሉ፣ ቀለም ሲቀይሩ እሱ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ ስለማፍላት ያነባል። ለሌላው ተማሪ ይኼ ቅጣት ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም አንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጥሩ እንቅልፍ ይተኛል። ለስብሬ ግን ከዚያ ሁሉ ግቢ የምትወደው ቦታ ቤተ ሙከራው ብቻ ነው። ሂሳብ ያስተኛታል፣ ታሪክ ይምታታባታል፣ ስፖርት ላይ ኳሷ ትሸሻታለች። እዚህ ግን፣ አንድ ጠብታ ጠብ ሲልና ውሃ የመሰለው ነገር ድንገት ቀለም ሲለብስ ልቧ ዝልል ይላል። እንግዲህ የሚወደውን ነገር በገዛ እጁ የሚሰባብር ሰው ምን ይባላል? እሷ የምትለውን አታጣም።

«አንቺ ዝርክርክ! አንቺ ደነዝ! እጅ ነው ወይስ የእንጨት ማማሰያ ነው የሰጡሽ?»

ይህንን ጎኗ የምትቀመጠው ሬዲዮ ብትላት ኖሮ ለሳምንት ይኮራረፉ ነበር። ራሷን ግን አትኮርፍም፤ እንዲያውም አጎንብሳ ትሰማለች።

ሬዲዮ የጠረጴዛ ጓደኛዋ ናት። ስሙን ያገኘችው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ደቂቃ አጠገቧ መቀመጥ ይበቃል።

«አይዞሽ ስብሬ፣ እኔ አለሁልሽ፣ ሁሉንም አስቤዋለሁ» አለች ሬዲዮ ገና እንደተቀመጡ። «ዓርብ ለወላጆች ሙከራውን ስናሳይ የብርጭቆውን ሥራ እኔ እሠራለሁ፣ አንቺ ማብራሪያ የተጻፈበትን ካርቶን ትይዣለሽ። ካርቶን አሪፍ ነው። ካርቶን ቢወድቅ ታነሺዋለሽ፣ አለቀ።»

«ሙከራውን የመረጥኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«መረጥሽ፤ ማን ካደ? ካርቶኑን ይዘሽ ትኮሪያለሽ።»

ሁለት ጭረት ያለበት ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

ከትምህርት ቤት የሚወስዳት አባቷ ነው። ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር ስለሆነ፣ አንዳንድ ቀን ልጁን የሚወስዳት ከነተማሪው ነው። የዚያን ቀን ረቡዕ ከፊት መሪ ይዘው የተቀመጡት ዶክተሯ ነበሩ። የጥርስ ሐኪም ናቸው፣ ትልቅ ሴትዮ፣ በሥራቸው የተከበሩ፤ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ግን ሦስት ጊዜ ወድቀዋል።

«ሰላም ነሽ የኔ ቆንጆ?» አሏት ሳይዞሩ። መዞሩን ፈርተው ነው፤ መኪናው ገና አልተነሳም።

የመለማመጃው ሜዳ ላይ አራት ፓሎዎች፣ ቋሚ ምሰሶዎች፣ ተተክለዋል። ለማጁ በሁለቱ መሃል መግባት፣ ከዚያ መታጠፍ፣ ከዚያ መውጣት አለበት። አባቷ እጁን አጣምሮ፣ እግሩን እሱ ዘንድ ካለው ትርፍ ፍሬን ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ሁልጊዜው በለሰለሰ ድምፅ ይመራል።

«ቀስ አድርገው ይልቀቁት… ጥሩ። አሁን መሃሉን ይዩ። ባዶውን ቦታ፣ መንገዱን። መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ… በጣም ጥሩ። እዛው ይሂዱ።»

እውነትም ጥሩ ነበር! ዶክተሯ በልባቸው ሳይሆን በእጃቸው መንዳት ጀምረው ነበር። ስብሬ ግን ከኋላ ሆና የምታየው ሌላ ነገር ነው። የግራው ፓሎ እየቀረበ ነው። ቀይና ነጭ የተቀባው፣ ወፍራሙ ፓሎ። ጠጋ፣ ጠጋ… አልቻለችም።

«ፓሎውን እንዳይገጩት!»

ዶክተሯ «የቱን ፓሎ?» ብለው ዞረው አዩ። መሪውም አብሯቸው ዞረ።

ጓ!

አባቷ ፍሬኑን የረገጠው ከፓሎው ትንሽ ዘግይቶ ነበር። መኪናው አንዴ አስነጠሰና ጠፋ። ዶክተሯ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ስብሬም ከኋላ ሸፈነች። ፓሎው ብቻ ነው ቀና ብሎ የቆመው።

አባቷ ወርዶ የተጨረመተውን መከላከያ አየ። ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው። ተመልሶ ሲገባ የተቆጣ አይመስልም፤ እሱም ይህን ዓይነት ነገር የለመደ ሰው ነው።

«አባዬ፣ እኔ እኮ እንዳይገጩት ብዬ ነው!» አለች ስብሬ፣ ልታለቅስ ደርሳ።

«ለዛ ነው የገጩት።»

«እንዴት?»

«ደህና ባዶውን ቦታ እያዩ ይሄዱ ነበር። አንቺ ፓሎ ስትዪ ፓሎውን አዩት። እሳቸው ሲያዩት እጃቸው ተከተለ፤ መኪናው ደግሞ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ለዚህ ነው እኔ ለሰው መሄጃውን እንጂ መገጫውን የማልነግረው። መጀመሪያ ሥራ ስጀምር እነግር ነበር። ያኔ በወር አንድ መከላከያ እቀይር ነበር።»

ዶክተሯ ፊታቸውን ገለጡ። «ልጅቷን ተዋት፤ እኔም ራሴ ከጠዋት ጀምሮ ሳወራው የነበረ ነው» አሉ። «‹አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም ፓሎ ልትገጪ ነው፣ ዛሬም ልትዋረጂ ነው› እያልኩ ነው የመጣሁት። ክሊኒክ ስሆን ግን እንዲህ አልልም። እዚያ መሣሪያ ስይዝ ‹ቀስ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ እዛው፣ ጎበዝ› ነው የምለው።»

«ለበሽተኛው?» ስብሬ ጠየቀች።

«ለእጄ።»

«ድምፅ አውጥተው?»

«አዎና!»

«በሽተኛው ምን ይላል?»

«አፉን ከፍቶ ምን ይላል?» አሉ ዶክተሯ፣ ሦስቱም ሳቁ። ከዚያ መኪናውን እንደገና አስነሱ። በሁለተኛው ሙከራ ገቡ፣ ታጠፉ፣ ወጡ። ስብሬ በዚያ ሁሉ ጊዜ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

አንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም ዶክተር፣ ራሱን «አንቺ ሴትዮ» ብሎ እንደሚሰድብ አስባ አታውቅም ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ መስኮቱን ተደግፋ ከጠዋት ጀምሮ ለራሷ ያለችውን አንድ በአንድ አስታወሰች። «ቁልፉን እንዳትረሺ» ብላ ወጣች፤ ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። «እንዳታረፍጂ» እያለች ሰዓቷ ላይ ስታፈጥ አውቶቡሱ በፊቷ አለፈ። «መምህሩ እንዳይጠይቀኝ» ብላ አንገቷን ስትደብቅ የመጀመሪያ የተጠየቀችው እሷ ናት፣ የተጠየቀችውንም አልሰማችም። «በቃ፣ ቀኑን ሙሉ ፓሎ ፓሎውን ሳይ ነው የምውለው ማለት ነው!» አለች።

«ምን አልሽ?» አለ አባቷ።

«ምንም። ከራሴ ጋር ነው።»

በማግሥቱ ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደመጣች እናቷን ብርጭቆ ጠየቀቻት።

እናቷ ወዲያው የፕላስቲኩን ኩባያ አቀበለቻት። እዚህ ቤት ሁሉም ሰው በብርጭቆ ሲጠጣ ስብሬ በፕላስቲክ ነው የምትጠጣው፤ ዝሆን የተሳለበት፣ የሕፃን ኩባያ።

«ይኼን አይደለም እማዬ። ያንን ረጅሙን።»

«የእንግዳውን?» እናቷ መዓት የመጣ መሰላት። «ምን ልታደርጊበት?»

«ይዤው ልሄድ።»

«ወዴት?»

«ከቧንቧው እስከ ጠረጴዛው።»

እናቷ ልጇን አየቻት፣ ብርጭቆውን አየችው፣ በመጨረሻ ከብርጭቆው ተሰናብታ ሰጠቻት። ስብሬ እስከ አፉ ውሃ ሞላችውና መንገድ ጀመረች።

«ቀስ» አለች፣ ድምፅ አውጥታ። «በሁለት እጅ። ጠረጴዛውን እዪ።»

ነገር ግን ያኛዋ፣ የድሮዋ ድምፅ፣ በቀላሉ የምትለቅ አይደለችም። «የእንግዳ ብርጭቆ ነው! ልትሰብሪው ነው!» አለች።

«ጠረጴዛውን እዪ ብዬሻለሁ!»

«ሁለት እኮ ሰብረሻል!»

«ጠረጴዛውን!»

ውሃው ግማሹ ወለል ላይ ፈሰሰ። ብርጭቆው ግን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ተመለሰች፣ ሞላችው፣ እንደገና ሄደች። ሁለተኛው ዙር የባሰ ነበር፤ ከግማሽ በላይ ፈሰሰ። አምስተኛው ላይ እጇ ዘና አለ። ዘጠነኛው ላይ ያችኛዋ ድምፅ ደክሟት ነው መሰል፣ እየቆየች ብቻ ትናገር ጀመር። ስብሬ ጮክ ብላ «ጎበዝ የኔ እጅ! እንዲህ ነው እንጂ!» አለች።

ለካ እናቷ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል።

«ከማን ጋር ነው እንዲህ የምትጨቃጨቂው?»

ስብሬ ቀላች። «ከራሴ ጋር።»

«ማን አሸነፈ?»

«እስካሁን እኩል ነን።»

እናቷ የረጠበውን ወለል ከዳር እስከ ዳር አየች። «በሉ እንግዲያው፣ ሁለታችሁም መወልወያውን አምጡ» አለች።

ዓርብ ቤተ ሙከራው በወላጅ ጢም ብሎ ሞላ። አባቷ ሁለተኛው መደዳ ላይ፣ ጉልበቱ አፉ ጋ የሚደርስበት አጭር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ሥራቸውን አሳይተው ሲጨርሱ እትዬ ብርጭቆ የነስብሬን ጠሩ። ሬዲዮ ወዲያው እጇን ወደ ብልቃጡ ዘረጋች፣ ካርቶኑን ደግሞ በሌላ እጇ ለስብሬ አቀበለች።

ስብሬ ካርቶኑን አየችው። ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ማንም በሱ አይስቅም። ለአንድ አፍታ እውነትም አማራት።

«አንቺ ያዢው ሬዲዮ» አለች። «ሙከራውን እኔ ነኝ የምሠራው።»

«እብድ ነሽ እንዴ? ሦስተኛው እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

ሬዲዮ ባትሪ እንዳለቀባት ዝም አለች። እትዬ ብርጭቆ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ስብሬ ብልቃጡን ከመታጠቢያው አነሳች።

«ቀስ። በሁለት እጅ። ጠረጴዛውን እዪ። እዛው… ጎበዝ የኔ እናት፣ ጎበዝ።»

ይህን በሆዷ ያለች መስሏታል። የመጀመሪያው መደዳ ግን ጥርት አድርጎ ሰማ። አንዱ አባት «ከማን ጋር ነው?» ብሎ ጎኑ ያለችውን ሴትዮ ጠየቃት፣ ከኋላ ሳቅ ተነሳ። የስብሬ ጆሮዎች በእሳት ተያያዙ። ባቆም ይሻላል ብላ አሰበች፤ ካቆመች ደግሞ ያችኛዋ እንደምትጀምር አወቀች። ስለዚህ እየተሳቀባትም ቀጠለች። አባቷ እንደሆነ ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ድርቅ አድርጎ ረግጧል፤ እዚህ ፍሬን እንደሌለ ረስቶታል። ስብሬ ጠረጴዛው ደረሰች። ብልቃጡ ቁጭ አለ፣ ያለ አንዳች ድምፅ።

«ብልቃጡ ውስጥ ያለው ኮምጣጤ፣ ማለትም አሲድ ነው» ብላ ጀመረች። «ትንሽ ቀለም ለዋጭ ጨምረንበታል። እላይ በቆመው ረጅም ቱቦ ውስጥ ያለው ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ ነው። አንድ በአንድ እናንጠባጥበዋለን። አሲዱ ልክ ሲያልቅ፣ በጣም የፈዘዘ ሮዝ ቀለም ይመጣል። ያኔ ወዲያው እናቆማለን።»

የቱቦዋን መክፈቻ ለቀቅ አደረገች። ጠብ። ጠብ። በአንድ እጇ ብልቃጡን እያወዛወዘች በሌላው ትቆጣጠራለች። ጠብ። ሮዝ ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ደረስሽ፣ ቀስ» አለች ለእጇ። እጇም ሰማት። ወይ ደስታ! እኔ ነኝ እንዴ ይህን የምሠራው? አለችና ቀና ብላ አባቷን አየችው። ያየችው እንዲያው ላንዲት ቅጽበት ነው።

ጠብ ጠብ ጠብ ጠብ ጠብ።

ስትመለስ ብልቃጡ ዓይን የሚወጋ ሮዝ ሆኗል። ፈዛዛ የሚባል ነገር የለም፤ ሠርግ የሚሄድበት ልብስ የሚያክል ድምቀት!

«ውይ ሲያምር!» አለች አንዲት እናት። አንዱ አጨበጨበ፣ ሌላው ተከተለ፣ መጨረሻ ላይ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። አባቷ ከአጭሩ ወንበር ላይ ተነስቶ ነው የሚያጨበጭበው። ስለ ኮምጣጤ የሚያውቀው ሰላጣ ላይ እንደሚፈስ ብቻ ነው።

በዚያ ክፍል ውስጥ ሥራው መበላሸቱን ያወቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። ስብሬ፣ ሬዲዮና እትዬ ብርጭቆ። እትዬ ብርጭቆ አላጨበጨቡም።

ሬዲዮ ካርቶኑን እንደ ጋሻ አድርጋ ከኋላው አንሾካሾከች። «ዝም በዪ! ማንም አላወቀም። እጅ ነሺና ተቀመጪ። ድጋሚ ብልቃጥ እንዳትነኪ፣ እጅሽ በላብ ርሷል፣ በእግዜር!»

እውነቷን ነው፣ እጇ ርሷል። ጭብጨባውም አልቆመም። የድሮዋ ድምፅ ደግሞ ይህን ቀን ስትጠብቅ እንደኖረች ሁሉ ብድግ አለች። «አንቺ ዝርክርክ! መጨረሻ ላይ! ልክ መጨረሻው ላይ! ያንቺ ነገር…»

ስብሬ አንገቷን ልትደፋ ጀምራ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች።

«አምስት ጠብታ አለፈሽ» አለች ለራሷ፣ ቀስ ብላ። ሌላ ስም አልጨመረችበትም። አምስት ጠብታ ማለት አምስት ጠብታ ነው። «አሁን እጅሽን ጥረጊ።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ይቅርታ» አለች፣ አሁን ለሁሉም። ጭብጨባው እየተንጠባጠበ ቆመ። «የሚያምር ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። መፍዘዝ ነበረበት፤ ቀና ብዬ ሳይ አለፈብኝ።» ወደ ቤተ ሙከራው ኃላፊ ዞረች። «እትዬ፣ አጥቤው እንደገና ልሥራው?»

እትዬ ብርጭቆ የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ከዚያ እሷን አዩ፣ ከዚያ ብልቃጡን።

«አሥር ደቂቃ አለሽ» አሉ።

ስብሬ ብልቃጡን አነሳችና ያ ሁሉ ሰው ያጨበጨበለትን ሮዝ መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው።